በሽታው እንዳያልፍ፦ አዲሱ የእንስሳት ሕክምና ምርምር ለጎጃም በረት፣ ጉሮኖና ቀፎ ምን ይዟል?

ከጣና ሐይቅ በስተ ደቡብ ምዕራብ፣ በጎጃም በኩል፣ በ1983 ከዚያ በፊት በአገራችን ተመዝግቦ የማያውቅ የከብት በሽታ ታየ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠቅሳቸው።) መጀመሪያ ትኩሳት ይይዛል፤ ዓይንና አፍንጫ ይዝረበረባል፤ ከዚያ ከአንገት እስከ ጭራ ቆዳው ላይ ጠንካራ እባጭ ይወጣል። ላሟ ወተቷ ይነጥፋል፣ እርጉዟ ታስወርዳለች፣ በሬው ቀንበር አይሸከምም። የዳነው ከብት እንኳ ቆዳው ተበሳስቶ ስለሚቀር ለቆዳ ነጋዴ አይረባም። ባለሙያዎች የቆዳ ጉርብርብ ይሉታል። ለዓለም መጀመሪያ የታወቀው በ1929 በዛሬዋ ዛምቢያ ሲሆን፣ ወደ ኢትዮጵያ መግባቱ የተረጋገጠው ግን በዚያ በጣና ዳር ነው።

ከዚያ ወዲህ በሽታው ብዙ ተጉዟል። ከአፍሪካ ወጥቶ መካከለኛው ምሥራቅን አዳረሰ፤ በ2015 ግሪክ ገባ፤ በ2016 የባልካን አገሮችን አመሰ፤ በ2019 ባንግላዴሽ፣ ሕንድና ቻይና ደረሰ። በ2025 ሰኔ ወር ደግሞ ጣሊያንና ፈረንሳይ ውስጥ ተገኘ። የአቸፈር ገበሬ ከአባቱ ጀምሮ የሚያውቀውን እባጭ የፈረንሳይ ተራሮች አርቢ ገና በ2025 አየው ማለት ነው።

በሽታው ይህን ያህል ስለተጓዘ ብዙ ገንዘብና ብዙ ተመራማሪ ተመደበለት፤ የተገኘውም እውቀት ለእኛ ይጠቅማል። የቅርብ ዓመታትን የእንስሳት ሕክምና ጥናቶች ጎን ለጎን አስቀምጦ ላየ ሰው፣ እንስሳው ላምም ይሁን በግ፣ ዶሮም ይሁን ንብ፣ አንድ ጥያቄ በሁሉም ላይ ይመላለሳል። ባለቤቱ ዘወትር የሚጠይቀው «ይህችን ላም እንዴት ላድናት?» ብሎ ነው፤ ተገቢም ነው። ተመራማሪዎቹ ግን ይበልጥ የሚጨነቁት ከዚህች ላም ወደ ጎረቤቷ የሚያልፈውን እንዴት እንደሚቆርጡ ነው። ሁለቱ ጥያቄዎች አንድ ይመስላሉ እንጂ መልሳቸው ብዙ ጊዜ ይለያያል።

በጉርብርቡ እንጀምር። በሽታውን ከከብት ወደ ከብት የሚያደርሱት በዋናነት ነካሽ ዝንቦችና ትንኞች ናቸው። በእንግሊዝ አገር በፒርብራይት የምርምር ተቋም የተሠራ ሙከራ ነፍሳቱን በሁለት ዓይነት ከብቶች ላይ እያሳረፈ ደም አስመጠጣቸው፤ አንዱ ቫይረሱ ገብቶበት እባጭ ያወጣ፣ ሌላው ቫይረሱ ቢገባበትም ምልክት ያላሳየ። ቫይረሱን በብዛት ይዘው የተነሡት እባጭ ካወጣው ከብት የመጠጡት ነበሩ፤ ምልክት ከሌለው የወሰዱት እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። ለገበሬው ትርጉሙ ቀላል ነው። እባጭ ያወጣውን ከብት ባየበት ዕለት ከመንጋው ለይቶ ማሰር ከባድ ጥቅም አለው። «ሁሉም ተነክቷል፣ ምን ይለየዋል» ብሎ አብሮ ማሰማራት ለዝንቡ ድግስ ማዘጋጀት ነው።

ክትባቱስ? የበግ ፈንጣጣ፣ የፍየል ፈንጣጣና የቆዳ ጉርብርብ ቫይረሶች የአንድ ቤተሰብ ልጆች ስለሆኑ የአንዱ ክትባት ለሌላው ሊያገለግል ይችላል። አገራችን ውስጥ ሦስት የክትባት ዝርያዎች በከብት ላይ ተፈትነው ውጤቱ በ2015 ታተመ። ከብቶቹ ከተከተቡ በኋላ ሆን ተብሎ ለበሽታው ቫይረስ ተጋለጡ። ጎርጋን የተባለው የፍየል ፈንጣጣ ዝርያ ከብቶቹን ጠበቃቸው፤ ሌሎቹ ሁለቱ ግን አልጠበቁም። ካልጠበቁት አንዱ ኒትሊንግ ይባላል። ግር የሚለው እዚህ ላይ ነው፤ ባልካን ላይ በሽታውን ያቆመው ኒትሊንግ የሚል ስም ያለው ክትባት ነበርና። ስም ብቻ አይበቃም ማለት ነው፤ ከየትኛው ዘር ተነሥቶ እንዴት እንደተመረተ ይወስናል። «አስከትቤ ነበር፣ ግን ታመመብኝ» የሚል ገበሬ ሁልጊዜ የሚዋሽ ወይም ዘግይቶ ያስከተበ አይደለም። እሱን ከመውቀስ በፊት ጠርሙሱ ውስጥ የነበረውን መጠየቅ ይገባል።

ቢሲጂ ለጥጃ

ለእኔ ከቅርብ ዓመታት ምርምሮች ሁሉ ትልቁ በ2024 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የወጣው የከብት ቲቢ ጥናት ነው። የተሠራው እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ፣ በአዲስ አበባ፣ በካምብሪጅና በፔን ስቴት ዩኒቨርሲቲዎች ተመራማሪዎች ትብብር ነው። ቁጥሮቹን በደንብ ለመረዳት ትንሽ ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል።

ቢሲጂን የማያውቅ ወላጅ የለም፤ አራስ ልጅ ክንዱ ላይ ተወግቶ ጠባሳ የሚተውለት ክትባት ነው። ብዙ ሰው የማያውቀው፣ የክትባቱ ዘር የመጣው ከላም መሆኑን ነው። ፈረንሳዮቹ አልበር ካልሜትና ካሚል ጌሪን የከብት ቲቢ ባክቴሪያን ወስደው ከ1908 ጀምሮ ለ13 ዓመታት ያህል ደጋግመው እያባዙ አዳከሙት፤ በ1921 ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕፃን ተሰጠ። ከላም የተገኘው ጀርም የሰውን ልጅ መጠበቅ ከጀመረ ከመቶ ዓመት አለፈው፤ ከብቱ ግን ያለ ክትባት ቀረ።

ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ክትባቱ ከብትን ሙሉ በሙሉ አይከላከልም፤ ከተከተቡት ውስጥ የሚታመም አለ። ሁለተኛውና ዋናው የምርመራው ጉዳይ ነው። የከብት ቲቢ የሚመረመረው አንገት ላይ ቆዳ ውስጥ ቱበርኩሊን የሚባል ፈሳሽ ተወግቶ፣ ከሦስት ቀን በኋላ የቆዳው እብጠት ተለክቶ ነው። ቢሲጂ የተከተበ ከብት ቆዳው ያብጣል፤ ስለዚህ ጤነኛው የታመመ መስሎ ይወጣል። ሀብታም አገሮች በሽታውን የተቆጣጠሩት መርምሮ በማረድ ስለሆነ፣ ምርመራውን የሚያምታታ ክትባት አልፈለጉም።

መርምሮ ማረድ ደግሞ ለኛ አይሆንም። ተበድሮ የገዛት አንድ የፈረንጅ ላም ያለችውን የደብረ ማርቆስ ወይም የባሕር ዳር ሰው «አንገቷ አብጧልና እረዳት» ብሎ ደፍሮ የሚነግረው ማነው? ካሳውንስ ማን ይከፍለዋል? ውጤቱ የታወቀ ነው፦ ላሟ በሌሊት ተነድታ ገበያ ትወጣለች፣ በሽታውም አብሯት ወደ ሌላ በረት ይገባል።

የ2024ቱ ሙከራ ሁለት ዙር ነበረው። በመጀመሪያው ዙር የተከተቡና ያልተከተቡ ጥጆች በተፈጥሮ ቲቢ ከያዛቸው ከብቶች ጋር አንድ ዓመት አብረው ኖሩ፤ በመርፌ ጀርም አልተሰጣቸውም፣ እንደማንኛውም በረት ትንፋሽ ለትንፋሽ ነው የተጋሩት። በዚህ ዙር ክትባቱ የመያዝን ዕድል በ58 በመቶ ገደማ ቀነሰ። እዚህ ላይ ቢቆም ኖሮ «መጠነኛ» ተብሎ ይታለፍ ነበር። ሁለተኛው ዙር ነው ነገሩን የለወጠው። የመጀመሪያው ዙር ከብቶች አሁን በተራቸው አስተላላፊ ሆነው ከአዳዲስ ጥጆች ጋር ሌላ ዓመት ኖሩ። ተከትቦ ሳለ በሽታው የያዘው ከብት ካልተከተበው የታመመ ከብት ጋር ሲወዳደር በሽታውን የማስተላለፍ አቅሙ በ74 በመቶ ዝቅ ብሎ ተገኘ።

ሁለቱን ቁጥሮች እናባዛቸው። ያለ ክትባት 100 ከብት ይያዝ ነበር እንበል። ክትባቱ 58ቱን ያስቀራል፤ የቀሩት 42 ይታመማሉ። እነዚህ 42ቱ ግን የማስተላለፍ ኃይላቸው ሩብ ገደማ ብቻ ስለሆነ፣ ለመንጋው የሚያደርሱት ጉዳት ያልተከተቡ 11 ከብቶች የሚያደርሱትን ያህል ነው። ጥናቱ በድምሩ 89 በመቶ ያለው ይህን ነው። አንዲቷን ላም ብቻ ለሚያይ ሰው ክትባቱ ግማሽ ልብ ነው፤ በረቱን ሙሉ ለሚያይ ግን በሽታው ከዓመት ዓመት እየከሰመ እንዲሄድ የሚያደርግ መሣሪያ ነው።

የምርመራውም ችግር መፍትሔ እያገኘ ነው። ቢሲጂ ሲዳከም ከጠፉበት ዘረመሎች የሚመነጩትን ፕሮቲኖች ለይቶ የሚጠቀም አዲስ የቆዳ ምርመራ ተሠርቷል፤ በሱ ላይ የተከተበ ጤነኛ ከብት አያብጥም፣ የታመመ ግን ያብጣል። ይህ ሁሉ ተሟልቶ የቀበሌ የእንስሳት ጤና ኬላ እስኪደርስ ጊዜ ይፈጃል። እስከዚያው የፈረንጅ ደም ያለባቸው ላሞች ከአገሬው ከብት ይልቅ ለቲቢ እንደሚጋለጡ፣ ታፍነው በጠባብ ቤት ሲውሉ ደግሞ እንደሚብስባቸው ማወቅ ይጠቅማል። መስኮት መክፈት ወጪ የለውም። ወተቱን ማፍላትም እንዲሁ።

የበጉን ዓይን ገልጦ ማየት

ከትልቁ ምርምር ወደ ትንሹ ልውረድ። ትንሽ ያልኩት ወጪውን እንጂ ጥቅሙን አይደለም።

ክረምት አልፎ መስከረም ሲጠባ የዋሸራ በግ የሚያረባ ሰው የሚያውቀው ነገር አለ፦ ሣሩ ሞልቶ ሳለ በጉ ይከሳል፣ ከመንጋጋው ሥር ውሃ ይቋጥራል፣ አንድ ጠዋት ወድቆ ይገኛል። ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው አራተኛው ጨጓራ ውስጥ ተጣብቆ ደም የሚመጥ ትል ነው። አንዱ ትል በቀን የሚመጠው 0.05 ሚሊ ሊትር ያህል ነው፤ 5000 ትል የተሸከመ በግ ግን በቀን ሩብ ሊትር ደም ያጣል። ሴቷ ትል በበኩሏ በቀን በሺዎች የሚቆጠር እንቁላል ትጥላለች፤ እሱ በበጠጥ ወጥቶ ሣሩን ይበክላል።

የለመድነው መድኃኒት ገዝቶ ለመንጋው ሁሉ ማጠጣት ነው። ከገበያ የገዛውን የመድኃኒት ፍሬ ለሁለት ከፍሎ ለሁለት በግ የሚሰጥም አለ። ሁለቱም ትሉን መድኃኒት ያስለምዱታል፤ አልቤንዳዞልም ሆነ አይቨርሜክቲን በብዙ የዓለም ክፍሎች ትል አልገድል ብለው ተቸግረዋል። ግማሽ መጠን ጠንካራውን ትል ያስተርፈዋል። ለሁሉም ሲሰጥ ደግሞ ለመድኃኒት የሚሸነፉት ትሎች በሙሉ ይሞቱና፣ መስኩ ላይ እንቁላል የሚጥሉት የተላመዱት ብቻ ሆነው ይቀራሉ። ከጥቂት ዓመት በኋላ ያ መድኃኒት ውሃ ነው።

የደቡብ አፍሪካ ተመራማሪዎች ያመጡት መላ ፋማቻ ይባላል። የመጣው ከአንድ ቀላል እውነት ነው፦ ትል በመንጋው ውስጥ እኩል አይከፋፈልም፤ ጥቂት በጎች አብዛኛውን ትል ይሸከማሉ። እነዚያን ለይቶ ማከም ይበቃል። የሚለዩት በዓይናቸው ነው። በጉን በፀሐይ ብርሃን ይያዙት፤ ጥላ ውስጥ ቀለሙ ያታልላል። በአንድ አውራ ጣት የላይኛውን የዓይን ሽፋን እንደ መዝጋት በቀስታ ይጫኑ፤ በሌላው አውራ ጣት የታችኛውን ሽፋን ሳብ ያድርጉ። የውስጡ ሥጋ ብቅ ይላል። ቀለሙ የሚመሳከርበት የፋማቻ ካርድ ላይ አምስት ቀለሞች ተደርድረዋል፦ ከደማቅ ቀይ ጀምሮ እስከ ነጣ። አንደኛውና ሁለተኛው ቀይ ከሆነ በጉ መድኃኒት አያስፈልገውም። አራተኛውና አምስተኛው የገረጣ ከሆነ ዛሬውኑ ሙሉ መጠን ይሰጠው። መካከለኛው እንደ በጉ ሁኔታ ይታያል፤ ግልገል፣ አራስ ወይም የከሳ ከሆነ ማከሙ ይሻላል። በእርጥቡ ወቅት በየሁለት ሳምንቱ መመልከት ነው።

ቀዮቹ ሳይታከሙ መቅረታቸው ብዙ ሰው የማይዋጥለት ነገር ነው። «ትል እንዳለበት እያወቅሁ ልተወው?» ይላል። አዎ፣ ይተወው። በነሱ ሆድ ውስጥ ያለው ለመድኃኒት የሚሸነፍ ትል ዘሩን መስኩ ላይ እያፈሰሰ የተላመደውን ያሳንሰዋል። መድኃኒቱም ዕድሜው ይረዝማል፣ ብሩም ይተርፋል። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለ፦ ካርዱ የሚያሳየው የደም ማነስን ነው። ረግረግ በበዛባቸው የጣና ዳርና የወንዝ ዳር ቀበሌዎች የጉበት ትልም ዓይን ያገረጣል፤ መድኃኒቱም ሌላ ነው። በጉ ታክሞ ካልቀላ ባለሙያ ይየው።

ሙቀት የማይገድለው ክትባት

ፈንግል የገባበት መንደር ምን እንደሚመስል መግለጽ አያስፈልግም፤ ለፋሲካ የታሰበው ዶሮ ሁሉ በሳምንት ያልቃል። ክትባቱ ለብዙ አሥርት ዓመታት ነበረ። የጎደለው ፍሪጅ ነው። ከባሕር ዳር በበረዶ ሣጥን የወጣ ጠርሙስ አውቶቡስ ላይ ሲንገላታ፣ መብራት ሲጠፋ፣ ገበያ ቀን ሲጠበቅ ይሞታል፤ የሚወጋው ዶሮ የሚያገኘው የሞተ ክትባት ነው። በአውስትራሊያ የተሠራው አይ-2 የተባለ ዝርያ ሙቀትን በተሻለ ይቋቋማል፣ መርፌም አይፈልግም፤ በዓይን አንድ ጠብታ ነው። ዶሮዋን ይዛ ዓይኗ ላይ ጠብ ማድረግ የማትችል እመቤት የለችም። በየሦስት ወይም አራት ወሩ መደገም አለበት፤ የሚረሳው ይህ ነው።

ተመሳሳዩ ለውሻም ሆኗል። በታንዛንያ በተሠራ ጥናት፣ በ2016 እንደታተመው፣ አንድ በስፋት የሚሠራበት የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት በ25 ዲግሪ ስድስት ወር፣ በ30 ዲግሪ ሦስት ወር ተቀምጦ እንኳ ውሾቹ ላይ እንደ ወትሮው ሠርቷል። ይህ ለሁሉም ምርት የሚሆን ፈቃድ አይደለም፤ የተፈተነው ያ ክትባት ነው። ነገር ግን ለቆላ ወረዳ ክትባት ማድረስ ይቻላል የሚለውን አሳይቷል። የእብድ ውሻ በሽታ ላይም የመንጋው ሒሳብ አለ፦ ከአካባቢው ውሾች 70 በመቶ ከተከተቡ በሽታው መተላለፊያ ያጣል። ሰውን ከሚይዘው የእብድ ውሻ በሽታ 99 በመቶው የሚመጣው በውሻ ነው፤ ስለዚህ ለልጆቻችን ርካሹ መከላከያ የውሻው ክትባት ነው። የተነከሰ ሰው ጠበል ይሂድ፣ እምነቱ ነው፤ መጀመሪያ ግን ቁስሉን በሚፈስ ውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ይጠብና ጤና ጣቢያ ሄዶ ክትባቱን ይጀምር።

ከውሻ የሚያልፈው ወደ ሰው ብቻ አይደለም። በባሌ ተራሮች ቀይ ቀበሮዎችን በተደጋጋሚ የፈጀው ከውሻ የተጋባ ይኸው በሽታ ነው፤ ከ2018 ጀምሮ እዚያ በሥጋ ውስጥ የተደበቀ የሚበላ ክትባት እየተሰጣቸው ነው። የኛ ጮቄ ቀይ ቀበሮ ነበረው። አሁን የለም።

ንብና ጥንብ አንሳ

ለንብ ክትባት አለ ቢባል የሚስቅ አይጠፋም። ነፍሳት እንደኛ ፀረ እንግዳ አካል አያመርቱም፤ ስለዚህ መከተብ አይቻልም ተብሎ ይታመን ነበር። የፊንላንድ፣ የኖርዌይና የአሜሪካ ተመራማሪዎች በ2015 መንገዱን አገኙት። ንግሥቲቱ የባክቴሪያ ስብርባሪ በምግቧ ውስጥ ስትበላ፣ ለእንቁላል አስኳል የሚሆነው ፕሮቲን ስብርባሪውን ተሸክሞ ወደ እንቁላሎቿ ያስገባዋል፤ እጮቹ ሳይወለዱ ከበሽታው ጋር ይተዋወቃሉ። በ2023 መጀመሪያ አሜሪካ እጭ ለሚያበሰብስ አንድ የንብ በሽታ በዚህ መንገድ ለተሠራ ክትባት በቅድመ ሁኔታ ፈቃድ ሰጠች። ክትባቱ በሠራተኛ ንቦች ምግብ ይቀላቀላል፤ እነሱ ለንግሥቲቱ ያጎርሷታል። ማንም ማንንም አይወጋም። ለጎጃም ቀፎ ነገ ይደርሳል ብዬ አላጋንንም፤ መንገዱ ግን ይደንቃል።

አንዳንዴ ደግሞ የሚያልፈው በሽታው ሳይሆን መድኃኒቱ ነው። በሕንድና በፓኪስታን ጥንብ አንሳዎች በ1990ዎቹ ከ95 በመቶ በላይ አለቁ፤ ምክንያቱ ለዓመታት አልታወቀም። በ2004 ሊንዚ ኦክስና ባልደረቦቹ አገኙት፦ ዳይክሎፌናክ። ለታመመ ከብት የተሰጠው የሕመም ማስታገሻ ከብቱ ሲሞት ሥጋው ውስጥ ይቀራል፤ ወፉ ሲበላው ኩላሊቱ ይቆማል። ጥንቡን የሚያነሣ ሲጠፋ ውሻው በዛ፣ ውሃው ተበከለ። በ2024 የታተመ የሁለት የምጣኔ ሀብት ባለሙያዎች ጥናት በዚህ ሳቢያ ሕንድ ውስጥ በአምስት ዓመት 500,000 ያህል ተጨማሪ ሰው እንደሞተ ይገምታል። ሜሎክሲካም የተባለው ማስታገሻ ወፎቹን አይገድልም፤ ሕንድ፣ ፓኪስታንና ኔፓል በ2006 ዳይክሎፌናክን ለእንስሳት ከልክለው ወደዚያ ዞረዋል። ለሰው ታዝዞ ቤት የተረፈ ዳይክሎፌናክን ለአነከሰ በሬ መስጠት የሚያስብ ካለ፣ በሬው ከሞተ በኋላ ገደል አፋፍ ላይ ማን እንደሚበላው ያስብ።

ፈረስን ለመጨረሻ አቆየሁት፤ ምርምሩም እንዲሁ አቆይቶታልና። በእንጅባራ በየዓመቱ ጥር 23 ፈረሰኞች የሚያምሩበት የአዊ አገር፣ የከተሞቻችን ጋሪ ሳቢዎችም፣ ቢቼ ያጠቃቸዋል፦ በእግርና በአንገት ላይ ተራ በተራ የሚፈነዳ መግላም እባጭ። መንስኤው ፈንገስ ነው፤ በቁስል ይገባል፣ በዝንብና በጋራ ዕቃ ይዛመታል። የሚያድነው ውድ መድኃኒት ከፈረሱ ዋጋ ይበልጣል፤ በአዮዳይድ ማከም የሚጠቅመው ገና ሲጀምር ነው። ብርቱ ቅዝቃዜ ባለበት ደጋ ብዙም አይታይም፤ ወይና ደጋው ነው ቤቱ። ስለዚህ የባሕር ዳር ባለ ጋሪ የሚችለው ይህ ነው፦ ኮርቻና ልጓም ከሌላ ፈረስ ጋር አለመዋዋስ፣ የቀንበሩ ዕቃ የሚፈገፍግበትን ቦታ በጨርቅ ማለስለስ፣ ትንሿንም ቁስል በዕለቱ አጥቦ ከዝንብ መሸፈን፣ የመጀመሪያዋ እባጭ ስትታይ ሁለተኛዋን ሳይጠብቅ ኬላ መሄድ።